የሕክምና ካርድ በመጦሪያ ቤት ኮምፒዩተር፦ ትርፉ ለማን? ወጪውስ በማን?

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ነው እንበል። በአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ከሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ደጃፍ አምቡላንስ ይቆምና ለአሥር ቀናት ሆስፒታል ተኝተው የሰነበቱ የ86 ዓመት እናት በተሽከርካሪ ወንበር ይወርዳሉ። ጭናቸው ላይ የመድኃኒት ከረጢትና አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ተረኛዋ ነርስ ከረጢቱን ከፍታ ስትቆጥር፣ እናት ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በየቀኑ ይወስዱት የነበረው ደም የሚያቀጥን ክኒን የለም። ሐኪም አስቁሞት ነው ወይስ ተረስቶ? ቆሞ ከሆነና እሷ ከቀጠለችላቸው ደም ሊፈሳቸው ይችላል። ተረስቶ ከሆነና እሷ ካቋረጠችባቸው ደግሞ ደም ረግቶ አንጎላቸውን ሊመታ ይችላል። የቤተሰብ ሐኪማቸው ክሊኒክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ እስኪከፈትም ሰኞ መድረስ አለበት፤ ስልኩ ደግሞ ተይዟል።

መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። ሆስፒታሉ ለቤተሰብ ሐኪማቸው የላከው ደብዳቤ በዚያው ሠፈር ባለው ክሊኒክ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። ነርሷ የማየት ፈቃድ የላትም እንጂ።

ይህንን ኮምፒዩተር ለመጦሪያ ሠራተኞች የመክፈት ጉዳይ በእንግሊዝ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ላይ ላዩን ሲታይ የሐኪሞችና የነርሶች ጉዳይ ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ገዢም፣ ሻጭም፣ በር ጠባቂም፣ ዋስም ያለው የገበያ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። እንደ አብዛኛው ገበያም የሚከፍለውና የሚያተርፈው አንድ ሰው አይደለም።

በእንግሊዝ ወደ 15,000 የሚጠጉ መጦሪያ ቤቶች ሲኖሩ በውስጣቸው ከ350,000 በላይ ሰዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ቤቶች የግል ባለሀብቶች ንብረት ናቸው። ሕክምናው ግን በብሔራዊው የጤና አገልግሎት፣ ማለትም በኤንኤችኤስ እጅ ነው። መኝታውንና ምግቡን ነጋዴው ይሸጣል፣ መድኃኒቱንና ሐኪሙን መንግሥት በነፃ ያቀርባል። አንድ አረጋዊ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው የሁለት መሥሪያ ቤት ደንበኛ ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ለረዥም ዘመን በመዝገብ አይተዋወቁም ነበር። የሚገናኙት በስልክ፣ በወረቀትና በፋክስ ነበር። እንግሊዝ የኮምፒዩተር አገር ናት ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይገረም ይሆናል እንጂ፣ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ቆጠራ በእንግሊዝ የኤንኤችኤስ ሆስፒታሎች ውስጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ የፋክስ መሣሪያዎች ተገኝተው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጤና ሚኒስትሩ አዲስ ፋክስ መግዛት እንዲቆም፣ ያሉትም እስከ ማርች 2020 ከአገልግሎት እንዲወጡ አዘዙ።

የ28 ቀን ዑደት

ነገሩን ከኪስ አንፃር ለማየት በመድኃኒት ትእዛዝ መጀመር ይሻላል። መጦሪያ ቤቶች መድኃኒት የሚያዙት ባብዛኛው በየ28 ቀኑ ነው። ነርሷ ወይም ከፍተኛዋ ተንከባካቢ በየመደርደሪያው የቀረውን ትቆጥራለች፤ ያለቀውን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጋ ወደ ክሊኒኩ ትልካለች፤ ክሊኒኩ ማዘዣ ያወጣል፤ ማዘዣው ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ መድኃኒት ቤቱ ያሽግና ያመጣል። የመጣው ከታዘዘው ጋር የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ስልክ ይጀመራል። ክሊኒኩ «ልከናል» ይላል፣ መድኃኒት ቤቱ «አልደረሰንም» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በ55 መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 256 ሰዎችን መድኃኒት አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ 8 ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል። ከ256ቱ ውስጥ በ178ቱ ላይ ቢያንስ አንድ ስህተት ተገኘ፤ በአስተዛዘዝ፣ በአሰጣጥ፣ በክትትል ወይም በመድኃኒት ቤቱ አዘገጃጀት። አብዛኛው ስህተት ከባድ ጉዳት የሚያደርስ እንዳልነበረ አጥኚዎቹ ገልጸዋል። ከምክንያቶቹ መካከል ግን ሐኪሙ በቀላሉ አለመገኘቱ፣ ሲያዝም በቂ መረጃ በእጁ አለመኖሩ፣ የትእዛዙ ሥርዓት የተዝረከረከ መሆኑና የመድኃኒት መዝገቦች ትክክል አለመሆናቸው ተጠቅሰዋል። ከአራቱ ሦስቱ የመረጃ ችግሮች ናቸው።

የብክነቱ መጠንም ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት በእንግሊዝ በየዓመቱ 300 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ መድኃኒት እንደሚባክን ገምቶ፣ ከዚህ ውስጥ 50 ሚሊዮን ፓውንዱ በመጦሪያ ቤቶች የሚጣል መሆኑን አመልክቷል። «ለማንኛውም ይታዘዝ» ተብሎ የመጣው ሳይከፈት ይጣላል ማለት ነው።

በሁለት በር መግባት

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በሁለት መንገድ የሚሠራ ነው። ልዩነታቸው ለነጋዴው ዋጋ ስላለው ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው የውክልና መንገድ ነው። በእንግሊዝ ማንኛውም ታካሚ በኢንተርኔት ገብቶ መድኃኒቱን ማዘዝና ካርዱን ማየት ይችላል። በመጦሪያ ቤት ያሉት ግን ይህን ዕድል ሊጠቀሙበት አልቻሉም። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የመርሳት በሽታ ወይም ከባድ የማስታወስ ችግር እንዳለባቸው ይገመታልና። ስለዚህ የመጦሪያው ሠራተኛ በእሳቸው ምትክ እንደ ወኪል ትገባለች። አረጋዊው መወሰን የሚችሉ ከሆነ ፈቃዳቸውን ይሰጣሉ። የማይችሉ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የአእምሮ ብቃት ሕግ መሠረት ለእሳቸው የሚበጀው ታስቦ ይወሰናል። ሐኪሙም ምን ያህል እንደሚከፍት ይመርጣል፤ መድኃኒት ማዘዝን ብቻ፣ ወይም ከዚያ አልፎ የምርመራ ውጤትንና ደብዳቤዎችን። ሠራተኛዋ የራሷ ስምና የይለፍ ቃል ሊኖራት ይገባል። አንድ የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ ለጥፎ ለሁሉም ማካፈል ክልክል ነው።

ሁለተኛው የባለሙያ መንገድ ነው። መጦሪያው የዕለት ተዕለት እንክብካቤውን የሚመዘግብበት ሶፍትዌር ካለው፣ ሶፍትዌሩ «ጂፒ ኮኔክት» በሚባለው የኤንኤችኤስ መስመር በኩል የቤተሰብ ሐኪሙን ካርድ ማሳየት ይችላል። ይህኛው ለማየት ብቻ ነው፣ በዚህ በኩል የሐኪሙን ካርድ መለወጥ አይቻልም።

ዓርብ ማታ ለተቸገረችው ነርስ የሚበጀው ሁለተኛው ሲሆን፣ ለ28 ቀኑ ዑደት የሚበጀው የመጀመሪያው ነው። አንድ ቤት ሁለቱንም ከፈለገ ሁለት ዓይነት ፈቃድ፣ ሁለት ዓይነት ሥልጠና፣ ሁለት ዓይነት ክትትል ይጠበቅበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ የመረጃ ጥበቃ መመዘኛውን በየዓመቱ ሞልቶ ማስረከብና አስተማማኝ የኢሜይል አድራሻ መያዝ አለበት።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮቪድ የመጦሪያዎቹን በር ሲዘጋው ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ፈጠነ። ወረቀት ይዞ ክሊኒክ መመላለስ አደገኛ ሆነ፣ ሐኪሙም እንደ ድሮው መግባት አልቻለም። ለዓመታት ሲጓተት የነበረው የኤንኤችኤስ ኢሜይል ለመጦሪያዎች በሳምንታት ውስጥ ተሰጠ፣ የውክልና ትእዛዝ መመሪያም ተሰራጨ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ መጦሪያ ከአንድ የክሊኒኮች ቡድን ጋር እንዲቆራኝና በየሳምንቱ የሐኪም ዙር እንዲደረግለት ተወሰነ። ከዚያ በፊት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አረጋውያን በአምስትና በስድስት ክሊኒክ ተበታትነው መመዝገባቸው የተለመደ ነበር።

የ40 አልጋው ሒሳብ

አሁን እርሳስ ይነሳ። 40 ሰዎች የሚኖሩበት መጦሪያ እንውሰድ። በጥናቱ አማካይ መሠረት ለእያንዳንዳቸው 8 መድኃኒት ቢታዘዝ በአንድ ዑደት 320 ይሆናል። በዓመት 13 ዑደት ስላለ 4,160 ትእዛዝ ይሆናል። ወረቀቱ በኮምፒዩተር በመተካቱ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ 2 ደቂቃ ይተርፋል ብለን እናስብ፤ ይህ ለስሌት ያህል የተወሰደ ግምት ነው። በዓመት 139 ሰዓት ግድም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በተወሰነው የ12.21 ፓውንድ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ሲባዛ ወደ 1,700 ፓውንድ ይመጣል። ትእዛዙን የምትሠራው ከፍተኛ ሠራተኛ ናትና ትንሽ ከፍ ይላል እንበል።

40 አልጋ ላለው ቤት ይህ ገንዘብ የሚያስደንቅ አይደለም። የሶፍትዌሩን የወር ክፍያ፣ በየክፍሉ የሚያዙትን ስልኮችና ታብሌቶች፣ ሽቦ አልባውን ኢንተርኔትና የሥልጠናውን ሰዓት ለመሸፈን ይበቃል ብሎ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ ማግኘት ይከብዳል።

ታዲያ ትልቁ ትርፍ የት ሄደ? ያልተጣለው መድኃኒት ዋጋ የሚተርፈው ለኤንኤችኤስ ነው፣ መድኃኒቱን የገዛው እሱ ነውና። የክሊኒኩ ጸሐፊ በስልክ የምታጠፋው ጊዜ የሚተርፈው ለክሊኒኩ ነው። አረጋዊቷ እናት ቅዳሜ ሌሊት በአምቡላንስ ተመልሰው ሆስፒታል ባይገቡ ነፃ የሚሆነው አልጋ የሆስፒታሉ ነው። መጦሪያው የሚያገኘው የሠራተኛ ሰዓትና የሰላም እንቅልፍ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት «የውጭ ጥቅም» የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በገበያ ብቻ ከተተወ ከሚገባው በታች ይገዛል።

ለዚህም ነው መንግሥት ኪሱን የፈታው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በወጣው የማኅበራዊ እንክብካቤ የፖሊሲ ሰነድ ለዘርፉ ቴክኖሎጂ ቢያንስ 150 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ። በወቅቱ የኮምፒዩተር መዝገብ የነበራቸው ከአሥሩ ተቋማት አራት ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ እስከ ማርች 2024 ቁጥሩን ወደ ስምንት ለማድረስ ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ በጊዜው አልደረሰም። ድጎማው ግን አንድ ነገር አድርጓል። በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ የሰፈረ ሶፍትዌር የገዛ ቤት ድጋፍ ያገኝ ስለነበር፣ ሻጮች ወደ ዝርዝሩ ለመግባት ተሽቀዳደሙ።

ባለቤቶቹ ለምን ገንዘባቸውን አጥብቀው እንደሚይዙ ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። ሳውዘርን ክሮስ የተባለው ኩባንያ 750 ያህል ቤቶችና ወደ 31,000 የሚጠጉ አረጋውያን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረሰ። ኪራዩ በውል የተቆረጠና በየዓመቱ የሚጨምር ነበር፤ ገቢው ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ማዘጋጃ ቤቶች በሚከፍሉት ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ቀጣሪዎች የሚከፍሉት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚህ ላይ ሌላ ቋሚ ወጪ ሲጨመር የማያንገራግር የለም።

በር ጠባቂዎቹ

የቤተሰብ ሐኪሞች ካርድ የሚቀመጥባቸውን ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው የያዙት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤሚስና ቲፒፒ። የሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤት በሊድስ ከተማ አካባቢ መሆኑ የሚገርም ነው። ወደ ካርዱ የሚያደርሰው በር በአብዛኛው በእነሱ ሥርዓት በኩል ነው። ይህ በር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የአክሲዮን ገበያውን መጠየቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 የአሜሪካው ዩናይትድ ሄልዝ ለኤሚስ 1.24 ቢሊዮን ፓውንድ አቀረበ። ዋጋው አክሲዮኑ ከዚያ በፊት ይሸጥበት ከነበረው በግማሽ ያህል ይበልጥ ነበር። የውድድር ባለሥልጣኑ ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው ሽያጩን ፈቀደ። ለመጦሪያዎች ሶፍትዌር ከሚሸጡት መካከል አንዱ የሆነው አክሰስ ግሩፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በ9.2 ቢሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ነበር። እርግጥ አክሰስ ሌላም ብዙ ዕቃ ይሸጣል።

የትንሹ ቤት ባለቤት ስጋት ከዚህ ይነሳል። አንዴ የአምስት ዓመት የእንክብካቤ ታሪክ በአንዱ ሻጭ ሶፍትዌር ውስጥ ከገባ፣ ወደ ሌላው ለመዛወር የሚጠይቀው ድካም ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል። ሻጩም ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የጸደቀው የመረጃ አጠቃቀም ሕግ በጤናና በእንክብካቤ ዘርፍ ሶፍትዌር የሚያቀርቡ ኩባንያዎች አንድ ዓይነት የመረጃ ደረጃ እንዲጠብቁ የማስገደድ ሥልጣን ለመንግሥት ሰጥቷል። ሥልጣኑ በደንብ ከተሠራበት ቤቶቹ የመደራደር አቅም ያገኛሉ።

ሠራተኛዋ ስትለቅ

ለመጦሪያው ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን በደረሰኝ አይመጣም። የዘርፉን የሠራተኛ ሁኔታ የሚከታተለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023/24 ባወጣው መረጃ በእንግሊዝ የማኅበራዊ እንክብካቤ ዘርፍ ከመቶ ሠራተኛ 24.8 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራቸውን ለቀዋል። የ40 አልጋው ቤት 50 ሠራተኛ ቢኖረው በየወሩ አንድ ሰው ይወጣል፣ አንድ አዲስ ይገባል ማለት ነው። ከውጭ አገር ተንከባካቢ የማስመጣቱ ቪዛ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ተከፍቶ በጁላይ 2025 ለአዲስ አመልካቾች ተዘግቷል። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ በርካታ ስደተኞች በሚሠሩባቸው በእነዚህ ቤቶች የሰው እጥረቱ በቀላሉ የሚቃለል አይመስልም። እጥረት ሲኖር በቀን ሒሳብ ከኤጀንሲ የሚመጣ ሠራተኛ ይበዛል። ዓርብ ማታ ተረኛ ሆና የምትገኘው ብዙ ጊዜ እሷው ናት። የራሷ የይለፍ ቃል የላትም። እንግዲህ የማንን ልትጠቀም ነው?

ሠራተኛዋ የለቀቀች ዕለት ፈቃዷ ካልተዘጋ፣ ከቤቷ ሆና የ40 ሰው ካርድ ማየት ትችላለች። ካርዱ ደግሞ የዛሬን ክኒን ብቻ የያዘ አይደለም። የ86 ዓመት ሰው ካርድ ውስጥ የስልሳ ዓመት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለባላቸው ያልነገሩት የጽንስ ማስወረድ፣ በወጣትነት የደረሰ የአእምሮ ሕመም፣ ልጅ ስለ አባቱ ለሐኪም በምስጢር የተናገረው ቃል። በትናንሽ ከተሞች ተንከባካቢዋ የአረጋዊቷ የጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ሐኪሞች ካርዱን በሙሉ ለመክፈት የሚያመነቱት ስለ ቴክኒኩ አይደለም። በሕጉ መሠረት ያለፈቃድ የሰው መረጃ ማየት ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ጥፋተኛውን ለማግኘት ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል።

ከውጭ የሚመጣው አደጋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 አድቫንስድ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ መረጃ ቆልፈው ገንዘብ በሚጠይቁ ወንበዴዎች ተጠቃ። ወንበዴዎቹ የገቡት ተጨማሪ የማረጋገጫ ቁጥር በማይጠየቅበት በአንድ የደንበኛ መግቢያ በኩል ነበር። ለመጦሪያዎች የሚሸጠውን ሶፍትዌር ጨምሮ በርካታ አገልግሎቶች ተቋረጡ፤ ሠራተኞች ወደ እስክሪብቶና ወረቀት ተመለሱ። የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ኩባንያውን 3.07 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። የ79,404 ሰዎች መረጃ ተወስዶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 890ዎቹ በቤታቸው ሆነው እንክብካቤ የሚያገኙ ሰዎች ሲሆኑ፣ ወደ ቤታቸው እንዴት እንደሚገባ የሚገልጸው መረጃ ጭምር ተሰርቋል።

በዚህ ቅጣት የተከሰሰው ሶፍትዌሩን ያቀረበው እንጂ የታካሚዎቹ መረጃ ባለቤት የሆኑት ተቋማት አለመሆናቸውን የመጦሪያ ባለቤቶች ልብ ሊሉት ይገባል። ነገር ግን በዚህ መጽናናት አይቻልም። ወረቀት ላይ የሰፈረው ውል ተጠያቂነቱን ወደ ሻጭ ቢገፋውም፣ የገዛ ሠራተኛው የይለፍ ቃል ባለመዘጋቱ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው ቤቱ ነው። አሁን መጦሪያ ለመግዛት የሚነሳ ባለሀብት የአልጋውን ቁጥር፣ የአልጋ መያዣ መጠኑንና የተቆጣጣሪውን ደረጃ ሲጠይቅ፣ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የለቀቁትን ሠራተኞች ስም ዝርዝር ከኮምፒዩተሩ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ቢያመሳክር አይከፋም። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ዝርዝሮች ካልገጠሙ ከዋጋው ላይ መቀነስ ያለበትን ያሳያል።

ዓርብ ማታ በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ግን ዝርዝሩ እስኪመሳከር አትጠብቅም። ካርዱ የተከፈተላት ከሆነ ደብዳቤውን አንብባ ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ መቆሙን ወይም አለመቆሙን በሁለት ደቂቃ ታውቃለች። ያልተከፈተላት ከሆነ ወደ ኤንኤችኤስ የድንገተኛ ምክር ስልክ 111 ደውላ ወረፋ ትይዛለች፤ በሌላኛው ጫፍ የሚያነሳው ሰውም ስለ እኚህ እናት የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእሷው ያቀርብላታል።